መክፈትና መክፈል

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጓሮ፣
አንዲት ክፍል አለች፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፤
አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣
ከመስኮቱ ማዶ ግሪምስቢ፣ ዓሣው ሄዶ ሽታው የቀረ ሀገር።
እኔ ድሮ በመርከብ ሞተር፣ በግራሶ የኖርኩ ሰው፣
ዛሬ የሰው ዕዳ እቆጥራለሁ፤ ደመወዜ ሻይ ነው፤
እሱንም የማፈላው ራሴው።

ግሌንዳ ገባች። ዝናቡ ከኮቷ ይንጠባጠባል።
«ይቺን ልተውልህ» አለች፣ «አውቶቡስ ያመልጠኛል።»
የገበያ ፌስታል።
ሁለት ዓመት ሙሉ በበሯ ቀዳዳ የገባ ፖስታ፣ አንዱም አልተቀደደ።
ሲጀመር መቶ ፓውንድ ነበር፤ ለልብስ ማጠቢያ፣
ቤት ለቤት ከሚዞር አበዳሪ፣ ከፈገግታ ጋር የተወሰደ።
ከዚያ ወለድ፣ ስሙ እንደሚለው፣ ወለደ፤
ልጁ ጢም ሳያወጣ አገባ፣ እሱም ወለደ፤
የልጅ ልጁ ከደጇ ቆሞ፣ «የአያቴን ክፈይ» እያለ አበደ።

«ለምን አልከፈትሻቸውም?» ብዬ አልጠይቅም፤
ያ ጥያቄ የገባውን ሰው ያስወጣል፣ የወጣውም አይመለስም።
እኔም ከባንክ የመጣ ወረቀት፣ ከመፍቻዎቼ ሣጥን ታች
ከዝገት ጋር አስተኝቼ፣ ባለቤቴ ናት ያገኘች፤
ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው መነጽሯን አደረገች።

«ባሕር ላይ» አልኳት፣ «ውሃ ሞተር ክፍል ሲገባ፣
ስንት ክንድ እንደሆነ ሳናይ፣ ፓምፑን የት እናስገባ?
ሳይከፍቱ መክፈል የለም።»
ዝም አለች። አውቶቡሱ መጣ፤ ሄደ። እሷ ግን አልሄደችም።

ሥራዋን ጠየቅኋት። የዓሣ ፋብሪካ፣ ሃያ ሁለት ዓመት፣ ከቢላ ጋር።
ጣቶቿ ላይ ነጫጭ ጠባሳ፣ እንደ ተሰረዘ መስመር።
የደብዳቤ መቅደጃዬን ሰጠኋት። አገላብጣ አየችው፤
«ይሄም ቢላ ነው?» ብላ ናቀችው።
ከዚያ እጇ አስታወሰ። እጅ አይረሳ፤
ከጎን ወጋ፣ ሳብ፣ ገለጥ፤
አንጀቱን ወደ ግራ፣ ሥጋውን ወደ ቀኝ፣ ልክ እንደ ዓሣ።

ሦስት ክምር ሠራን፤ መብራት የሚያጠፋ፣ ከቤት የሚያስወጣ፣
ሦስተኛው የሚጮኽ ብቻ፣ ጥርስ የሌለው ቁጣ።
«እኔ እኮ ጮኾብኝ ብዬ፣ ለዚህኛው ነው ቀድሜ የከፈልኩ» አለች፤
የቆጡን አወርድ ብላ፣ የብብቷን ስንቴ ጣለች!

ከፌስታሉ ሥር አንድ ስስ ፖስታ ቀረ። ሰነጠቀችው።
አነበበችው። ወደ መስኮቱ ዞራ፣ መልሳ አነበበችው።
ሟች ባሏ ሬጂናልድ ያልነገራት፣ ከበረዶ መጋዘኑ የተቆረጠ ጡረታ፤
በሳምንት አሥራ አንድ ፓውንድ፣ ሁለት ዓመት በሯን የመታ።
ከሚጠይቋት መካከል አንዱ፣ ሊሰጣት የመጣ ነበር፤
ግን የሁሉም ልብስ አንድ፣ የሚገቡትም በአንድ በር።
አላለቀሰችም። «ያ ዝምተኛ» አለች፣ «ያ ዝምተኛ፣»
ፖስታውን ጉንጯ ላይ አድርጋ፣ እንደ ትራስ እንደምትተኛ።

ዕዳው ገብስ ነው አላልኳትም፤ ገብስም አይደል።
አርባ ደቂቃ በስልክ ሙዚቃ አስደምጠው፣ ወለዱ እንዲቆም ተስማሙ፤
ቀሪውን በወር ሃያ፣ አራት ዓመት ትከፍል።
ረጅም ነው። ግን ጫፍ አለው፤ ጫፉን በእርሳስ አሰመርንለት።
የልብስ ማጠቢያው፣ ለነገሩ፣ ተበላሽቶ ከተጣለ ቆይቷል፤ እሱን አላነሣሁባት።

ኋላ እንደነገረችኝ፣ ሐሙስ ጠዋት፣
የበሩ ክዳን ጮኸ፣ አንድ ነገር ምንጣፉ ላይ ሲወድቅ።
ድሮ ቢሆን ቴሌቪዥኑን ከፍ ታደርገው ነበር፣ ጎረቤት እስኪሳቀቅ።
ተነሣች።
የወጥ ቤቱን ቢላ ሳበች፣ ስለቱን በአውራ ጣቷ ሞከረች፤
እዚያው በሩ ሥር፣ በባዶ እግሯ ቆማ፣
ከፈተች።